ሕመሙ የተወው ሰሞን

በ2013 ግንቦት ላይ፣ የታላቅ ወንድሜን አንገትና ክንድ ከዓመት በላይ ሲነዘንዘው የኖረው ሕመም ትቶት ነበር። እኛም ተመስገን ብለን ደገስን። ዛሬ ሳስበው እሬት እሬት የሚለኝ ይኸው ነው። ሕመሙ የተወው ሰሞን በሽታው ከክንዱ ነርቭ አልፎ ኅብለ ሰረሰሩን የያዘበት ሰሞን ነበር። ያን ጊዜ መንገዱ ክፍት ነበር፤ ገንዘቡ በእጃችን ነበር፤ የሪፈር ወረቀቱም ማኅተም አርፎበት በእናታችን ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሦስቱ ነገሮች ከዚያ ወዲህ በጊዜው ተገጣጥመውልን አያውቁም።

ጋሼ የቆቦ ሰው ነው። "ጻፈው፣ ስሜን ግን ተወው" ስላለኝ ስሙን ትቼዋለሁ። ከወልድያ ተነሥቶ በጎብየና በሮቢት በኩል ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የራያን ሜዳ ያውቀዋል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ ወደ ግዳንና ወደ ላስታ የሚወጣው ደጋ፣ በመሐል ማሽላ። ዝናቡ በሠመረ ዓመት ደጋሌት የሚባለው ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፤ ከኅዳር ጀምሮ እህል ተራው ይጨናነቃል፤ አይሱዙው ተራ ይዞ ይቆማል። ጋሼ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ጫኝና አውራጅ ነበር። ጆንያውን ሁለት ሰው አንሥቶ በማጅራቱና በትከሻው መካከል ያስቀምጥለታል። አንገቱ ወደ ፊት ይሰበራል፣ ዐይኑ መሬት መሬቱን ያያል፣ እንደዚያው እንዳቀረቀረ በጠባብ ሳንቃ ላይ ወደ መኪናው ይወጣል።

አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ ከ55 ኪሎ በላይ ባይሸከም ይበጃል ብሏል። ሲሚንቶው በ50 ኪሎ ታሽጎ ይመጣል። እህላችንን ግን እስካሁን በኩንታል ሞልተን በሰው ማጅራት ላይ እንጭናለን፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ነጋዴ አላጋጠመኝም፤ እኔም ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

ሕመሙ የጀመረው በ2012 የማሽላ አጨዳ ወቅት ነበር። መጀመሪያ ማጅራቱን ያዘው፤ ብርድ ነው አልን። ከዚያ በትከሻው ወርዶ በክንዱ በኩል እስከ አውራ ጣቱ ደረሰ። ሌሊት ሌሊት ያቃጥለዋል፤ ጣቱ ይደነዝዛል። የሚያሳርፈው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የታመመውን እጁን አንሥቶ አናቱ ላይ ማድረግ። እናታችን ይህን ስታይ ትቆጣለች፤ "እጅህን ከራስህ አውርድ፣ ምን ሟርት ነው!" ትለዋለች። እጅን አናት ላይ ማሳረፍ የተወጠረውን ነርቭ እንደሚያላላና ሐኪሞች ይህንኑ እንደ ምልክት እንደሚጠቀሙበት ያወቅሁት በኋላ ነው። ምስኪኑ የሚያሳርፈውን በራሱ አግኝቶት ነበር፤ እኛ እጁን እናስወርደው ነበር።

የሆነው ነገር ለማስረዳት አይከብድም። አንገታችን ሰባት አጥንቶች አሉት። ከላይኞቹ ሁለቱ መካከል በቀር በየሁለቱ አጥንት መሐል ዲስክ የሚሉት ትራስ አለ፤ ዳሩ ጠንካራ ክር መሰል፣ መሐሉ ውኃ ያዘለ ዝልግልግ። ዕድሜ ሲገፋ ውኃው ይቀንሳል፣ ዲስኩ ይሳሳል፣ ዳሩ ይሰነጠቃል፤ ክፍተቱ ሲጠብ አጥንቱም ጠርዝ ጠርዙን ያበቅላል። የዐዋቂ ሰው ዲስክ ከዳርቻው በቀር የደም ሥር የለውም፤ ምግቡ ከጎረቤት አጥንት በዝግታ እየሰረገ የሚደርሰው ብቻ ነው። ስለዚህ አንዴ ከተጎዳ ወደ ቀድሞው አይመለስም። የወጣው ዲስክ ወይም የበቀለው አጥንት ወደ ክንድ የሚሄደውን ነርቭ መውጫው ላይ ሲጫነው ነው እንደ ጋሼ ያለው ሕመም የሚመጣው። በአምስተኛውና በስድስተኛው አጥንት መካከል ከሆነ ወደ አውራ ጣት፣ በስድስተኛውና በሰባተኛው መካከል ከሆነ ወደ መካከለኛው ጣት ይወርዳል። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱትም እነዚህ ሁለት ቦታዎች ናቸው።

የዲስክ ማርጀት ብቻውን በሽታ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ምንም የሕመም ስሜት የሌላቸውን 1,211 ሰዎች በኤምአርአይ ያነሡ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ከመቶ 87.6 በሚሆኑት ላይ ወጣ ያለ ዲስክ አግኝተዋል፤ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉት እንኳ አልቀሩም። ስለዚህ ኤምአርአይ ተነሥቶ "ዲስክህ ተንሸራቷል" የተባለ ሁሉ ሞቴ ደረሰ ማለት የለበትም። ሸክሙም ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም፤ ፊንላንድ ውስጥ የመንትዮችን የወገብ ዲስክ ያጠኑ ተመራማሪዎች የዘር ድርሻ ከሥራ ጫና ይልቅ ጎልቶ አግኝተውታል። ሲጋራም ዲስክን ይጎዳል። ይህን የምለው የእህል ተራን ጆንያ ነጻ ለማውጣት አይደለም። ጋሼ ሰውነቱ ያዘዘለትንም፣ ኑሮ የጫነበትንም አብሮ ነው የተሸከመው።

ሕመሙን በተመለከተ ያጠፋነው ገንዘብም አለ። ከነርቭ መጫን የሚመጣ የክንድ ሕመም አብዛኛውን ሰው በሳምንታትና በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና እየተሻለው ይሄዳል። ይህን የነገረን አልነበረም፤ ቢነግሩንም የምንሰማ አይመስለኝም፤ ሕመም ሲያጣድፍ ሰው ቶሎ የሚያስታግሥ ነገር እንጂ ትዕግሥት አይገዛም። ጋሼ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት እየዞረ ዳይክሎፌናክ ይወጋ ነበር። ሲወጋ ለሁለት ቀን ይሻለዋል፣ በሦስተኛው ኩንታሉን ይሸከማል፣ ይብስበታል፣ ተመልሶ ይወጋል። ጨጓራው ተልጦ ደም እስኪያስመልሰው ድረስ በዚህ ዙር ውስጥ ኖረ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ምግብ ተበልቶ ለጥቂት ቀናት ሲወሰዱ ይጠቅማሉ፤ ሲራዘሙ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ሌሊት ሌሊት ለሚያቃጥለው የነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን የሚባለው ርካሽና የቆየ ክኒን በትንሽ መጠን ማታ ማታ ሲወሰድ አንዳንዱን ያሳርፈዋል፤ ጋባፔንቲንም አለ። ትራማዶልን ግን ከጎረቤት እየተበደሩ መዋጥ ከአንገት ሕመም ላይ ሱስ መጨመር ነው። በአከርካሪ ዙሪያ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ደግሞ በምስል እየታየ በሠለጠነ እጅ ካልሆነ አደገኛ ነው፤ በየክሊኒኩ ከሚወጋው መርፌ ጋር አንድ አይደለም።

ሌላው ሁሉ ቆቦ ላይ በነጻ የሚገኝ ነበር። ለጥቂት ሳምንት ከሸክም መከልከል፣ ነገር ግን አልጋ ላይ አለመዋል፤ አንገት ካልተንቀሳቀሰ ጡንቻው ይሰንፋል። የአንገት ኮላርም ቢሆን ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት እንጂ ዓመቱን ሙሉ አይታሰርም። በሆድ ተኝቶ አንገትን ወደ ጎን ጠምዝዞ ማደርን መተው፤ በጎን ለሚተኛ ሰው የትከሻውን ስፋት የሚሞላ ትራስ ማድረግ። ማጅራትን በሞቀ ጨርቅ መተኮስ። አገጭን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ መያዝ፤ መዳፍን ግንባር ላይ አሳርፎ ራስ ሳይነቃነቅ ለጥቂት ሰከንድ መግፋት፣ ከዚያም በግራ፣ በቀኝ፣ በማጅራት በኩል እንዲሁ፤ ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላ ማቀራረብ። ፊዚዮቴራፒስት ቢኖር ይህን በሥርዓት ያስተምራል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሙያውን የሚያስተምር ቢሆንም የተመረቁት ወረዳ ድረስ አልደረሱልንም። ክንዱ በእንቅስቃሴው ከባሰበት መተው፣ ካረፈ መቀጠል ነው። በግራ ክንድ ተደግፎ አንገትን ሰብሮ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ጫት ላይ መዋልም አንገትን እንደሚቀጣ የቆላው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም ግን ለአንገቱ ብሎ ምርቃናውን አይተውም።

ስለ ወጌሻም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጸሐፊ ጥፋቱን ሁሉ በወጌሻ ላይ ይደፋል። ጋሼን የወሰድንበት ሽማግሌ ማጅራቱን በቅቤ ዳሰሰ፣ እጁን አስጨበጠው፣ ትንሽ ዝም አለና "ይሄስ የኔ አይደለም፤ እኔ የወለቀ እመልሳለሁ፣ ይሄ ከውስጥ ነው" ብሎ ገንዘቡን መለሰልን። ከኛ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር። አንገትን ይዘው ቀጭ የሚያደርጉ ሌሎች አሉ፤ ኅብለ ሰረሰሩ የተጫነበትን ሰው አንገት እንዲያ መጠምዘዝ በአንድ ቀን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ዋገምት ያስደረጉለትም ነበሩ፤ ከጭረቱ በቀር አልጎዳውም፣ አልጠቀመውምም።

በ2013 መስከረምና ጥቅምት የአንበጣ መንጋ የራያን ማሽላ በላው። ያ ዓመት ለሜዳው ሁሉ የመከራ ዓመት ነበር። እህል ተራው ቀዘቀዘ፤ ጋሼ የሚሸከመው አጣ። ክንዱ ያረፈው በዚህ ምክንያት እንደሆነ አሁን ይገባኛል፤ ሸክሙ ስለቀረለት የተቆጣው ነርቭ ቀስ በቀስ በረደ። እኛ ግን ጸሎታችን ተሰማ ብለን ነበር።

በዚያው ዓመት በጋ ሌላ ነገር ጀመረው። የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ይቸገራል፤ ባለቤቱ ትቆልፍለታለች። እንጀራ ሲቆርስ ከጣቱ ይሾልካል፤ የማሽላ እንጀራ ፍርፍር ስለሚል ነው ብለን አለፍነው። የጎማ ጫማው ከእግሩ ይወጣበታል፤ ማታ ማታ በጨለማ ሲሄድ እንደ ሰከረ ይወላገዳል፤ ጠላ አልቀመሰም። አያመውም። ይህንን "አያመኝም" የሚለውን ቃሉን ሁላችንም እንደ ምሥራች ሰማነው።

ሚያዝያ 22፣ የስቅለት ዕለት፣ ሲሰግድ አንገቱን ባጎነበሰ ቁጥር ከማጅራቱ ተነሥቶ በጀርባው ወርዶ እስከ እግሩ የሚደርስ፣ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ያለ ንዝረት መታው። ከአጠገቡ የነበሩት "መንፈስ ነው፣ ሊለቅህ ነው" አሉት። ይህ ንዝረት ኅብለ ሰረሰር ሲነካ የሚመጣ ምልክት ነው፤ ስሙን ለርሚት ከሚባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ያገኘ፣ በየሕክምና መጽሐፉ ያለ። ሰማይና ምድር የሚያውቀውን ነገር እኛ ቤት መንፈስ አደረግነው።

ከፋሲካ በኋላ ባለቤቱ ጎትታ አንድ ክሊኒክ ወሰደችው፤ እኔም አብሬ ሄድሁ። የነበረው ባለሙያ ገና ወጣት ነው። ስለ ሕመሙ ጥቂት ጠየቀና ተወው። ከዚያ ጉልበቱን በመዶሻ መታ፤ እግሩ ከልክ በላይ ተወነጨፈ። የመካከለኛ ጣቱን ጥፍር ጫፍ ቆንጥጦ ወደ ታች ለቀቀው፤ አውራ ጣቱ ሳይታዘዝ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ተረከዝን ከጣት እያስነካ በቀጥታ መስመር እንዲሄድ አዘዘው፤ ጋሼ ግድግዳውን ያዘ። በመጨረሻ እጁን ዘርግቶ በፍጥነት እንዲጨብጥና እንዲዘረጋ አደረገው፤ ጤነኛ ሰው በ10 ሰከንድ 20 ጊዜና ከዚያ በላይ ያደርገዋል። ጋሼ ግማሹን እንኳ አልደረሰም፤ ጣቶቹ እንደ ታሰሩ ነበሩ።

ልጁ ወረቀቱን ጽፎ ለእኔ ሰጠኝ፤ መምህር መሆኔን ስለ ነገርሁት ይመስለኛል። "ኅብለ ሰረሰሩ ሳይጫን አልቀረም። ደሴ ውሰዱት፣ ከዚያም ለኤምአርአይና ለነርቭ ቀዶ ሐኪም አዲስ አበባ ይልኩታል። ሕመሙ ቢሻለውም ባይሻለውም ሂዱ" አለኝ። ሕመሙ ቢሻለውም ባይሻለውም። ከዚህ በላይ ምን ሊለኝ ይችል ነበር? ፊደል የቆጠርሁ፣ ወረቀቱን ማንበብ የምችል እኔ ነበርሁ፤ ወስጄ ከእናቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከልደት ወረቀቶችና ከመሬት ደብተሩ ጋር አስቀመጥሁት።

በዚያው ሳምንት የጫኝና አውራጅ ማኅበሩ ዕቁብ ለጋሼ ወጣለት። ለደሴም ለአዲስ አበባም፣ ለኤምአርአዩም የሚበቃ ገንዘብ ነበር። የበኩር ልጁ ደግሞ ታጭታለች። ባለቤቱ "ሰርጉ ይቆይ፣ ለጥር ይደርሳል፤ መጀመሪያ እሱን አሳክሙት" አለች። አንድ ጊዜ አይደለም የተናገረችው። እኛ ወንድሞቹና አጎቶቹ ተሰብስበን መለስናት፤ ቀን ተቆርጧል፣ አማቾቹ ምን ይሉናል፣ የሰው አፍ አለ፣ ደግሞስ እያመመው አይደለም። ጋሼም ራሱ ከእኛ ጋር ወገነ። አንገቱ ላይ ቢላ እንዳይገባበት የፈራ ሰው ለመቅረት ምክንያት አያጣም።

ደገስን። ሰንጋ ወደቀ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ ዳሱ ተጣለ። ጋሼ በሰርጉ ዕለት ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ጨፈረ፤ እግሩ ይደናቀፍ ነበር፤ ዘመዱ ሁሉ ደስታ ነው ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወረቀቱን ያነበብሁት እኔ።

ከዚያ አገር አቀፉ ምርጫ መጣ፣ ሰኔ 14። ከምርጫው በኋላ እንሄዳለን አልን። ከዚያ የጤፍ እርሻ። እርሻው ካለቀ እንሄዳለን አልን። በሐምሌ የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉም የራያ ሰው በየቤቱ ያውቀዋልና አላበዛውም። መንገድ ተዘጋ፤ ባንክ፣ ስልክ፣ መብራት ጠፋ። ጳጉሜን 4 የጀመረው የሰላማዊ ሰዎች ግድያ በአምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘገባ ሳይቀር ተመዝግቧል። ሰው ሁሉ ወደ ማሽላው ሲሮጥ ጋሼ መሮጥ አልቻለም። ከግድግዳ ግድግዳ እየተደገፈ ከቤት በስተጀርባ ተደበቀ፤ እግዚአብሔር ሰወረው። በነዚያ ወራት ሁለቱም እጆቹ ከዱት። ማንኪያ መያዝ አቃተው። ሽንቱ ሲመጣ አያቆየውም፤ ውጭ ሳይደርስ ያመልጠዋል። የወንድ ልጅ እፍረቱን ከእኛ ለመደበቅ ውኃ መጠጣት ተወ። ሕመም ግን አልነበረውም። ደሴም በጥቅምት ተያዘች፤ ወረቀቱ የተጻፈለት ከተማ ራሱ የማይደረስበት ሆነ።

በ2014 ታኅሣሥ መንገዱ ሲከፈት ወሰድነው። ደሴ ኅዳር 27 ነጻ ወጥታ ነበር፤ የደሴ ሆስፒታል ግን ተዘርፎ ባዶውን ቀርቷል። ወደ አዲስ አበባ አለፍን፣ ከቆቦ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፤ ገንዘቡ አሁን የዕቁብ ሳይሆን የብድር ነው። ኤምአርአዩ ላይ፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው አጥንት መካከል፣ ነጩ ፈሳሽ ተቋርጦ ኅብለ ሰረሰሩ ተጨፍልቆ ይታያል፤ በውስጡም ነጭ ነጠብጣብ አለ፤ ሐኪሙ የጉዳት ጠባሳ ነው አለን።

ተራ መጠበቅም ነበረብን። ጥቁር አንበሳ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፣ ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ፤ ከዚያ በፊት በመላ አገሪቱ የነበሩት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው ብዙ እጥፍ አድጓል፤ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ግን አሁንም ጥቂት ናቸው። ከኅብለ ሰረሰር እጢና ከመኪና አደጋ ጋር ተራ የሚጋፋ የአንገት ዲስክ ብዙ ይጠብቃል።

ጋሼ የፈራው ቢላ ያሰበውን ያህል አልነበረም። በፊት በኩል ከጉሮሮ ጎን በትንሽ ስንጥቅ ገብተው፣ የወጣውን ዲስክ አውጥተው፣ በቦታው ድጋፍ አስገብተው ሁለቱን አጥንቶች ያጋጥማሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ፣ ዛሬ የተለመደ አሠራር ነው። የተጫነው ቦታ ከበዛ ከኋላ በኩል ገብቶ ማስፋትም አለ። አደጋ የለውም አልልም፤ ድምፅ ሊሰልል፣ መዋጥ ሊያስቸግር፣ አልፎ አልፎ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ለክንድ ሕመም ብቻ ሲሆን ሰው መጠበቅና ማመዛዘን ይችላል። ኅብለ ሰረሰር ሲያዝ ግን መጠበቅ ራሱ ነው የሚጎዳው።

ቀዶ ሐኪሙ ሲያሰናብተን የነገረን ይህ ነበር፤ ቀዶው የሚሠራው እንዳይብስ ነው፤ የተወሰነው ይመለስ ይሆናል፣ የቀረው አይመለስም። ምን ያህል እንደሚመለስ የሚወሰነው ሳይጎዳ በቀረው መጠንና ተጭኖ በቆየበት ጊዜ ነው። "ስንት ጊዜ ሆነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት። ቀኑን አየና ምንም አላለኝም። ምነው በሰደበኝ ኖሮ።

ጋሼ አሁን በምርኩዝ ይሄዳል። ሽንቱ ተስተካክሎለታል። ቀኝ እጁ ማንኪያ ይይዛል፤ ግራው አይጨብጥም። ጆንያ አይሸከምም፤ ሚስቱ ሽንኩርት ቸርችራ ታበላዋለች። በ2014 ነሐሴ ቆቦ ዳግመኛ ስትያዝ በሰው ጀርባ ታዝሎ ወጣ፤ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ጀርባ በሌላ ሰው ጀርባ። በጥቅምት 2015 ጦርነቱን የሚያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ ተነፈስን። ዓመት ሳይሞላ ክልላችን እንደገና ታመሰ፣ መንገዱም አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል።

ስለዚህ ለእናንተ ለቆቦ፣ ለጎብየ፣ ለሮቢት፣ ለአራዱም ሰዎች ልናገር። አንገትና ክንድ ብቻ የሚያመው ሰው አይደንግጥ፤ ይረፍ፣ ያፍታታው፣ መርፌውን ይቀንስ፣ ከጊዜ ጋር ይሻለዋል። ትኩሳት፣ ላብና መክሳት ከተጨመረ፣ ወይም ሌሊት የማያስተኛ የአጥንት ሕመም ከሆነ፣ የአከርካሪ ቲቢ እንዳይሆን፣ ጥሬ ወተት ለሚጠጣውም ብሩሴሎሲስ እንዳይሆን ቶሎ ይታይ። ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው፣ እንጀራ ከጣቱ የሚሾልክበት፣ ጫማው ከእግሩ የሚወጣበት፣ በጨለማ የሚወላገድ፣ ሲያጎነብስ ጀርባውን ንዝረት የሚመታው ሰው ቤታችሁ ካለ ግን "ያምሃል ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁት። እጁን አስዘርጉት፣ አስጨብጡት፣ በ10 ሰከንድ 20 መድረስ አለመድረሱን ቁጠሩ። ካልደረሰ፣ መንገዱ ዛሬ ክፍት ከሆነ፣ ዛሬ ውሰዱት። የወንድሜ ሚስት እንዳለችው፣ ሰርጉ ለጥር ይደርሳል።